የዘገየ መዋጮ

«ጉበቱ ሥራ አቁሟል፤ እዚህ ምንም አይደረግለትም፤ ውጭ ግን ስቴም ሴል አለ።» ይህን ወሬ ያልሰማ ሰው ቦሌ ሚካኤል ውስጥ ቢገኝ ትናንት ቤት የተከራየ ነው። ሰፈሩ የአውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤት ነው። አማርኛው፣ ሶማሊኛው፣ ትግርኛው፣ ኦሮምኛው በአንድ ካፌ በረንዳ ላይ ይሰማል፤ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የውጭ ሕክምና ወሬ እዚህ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይታመናል። አንዱ ዴልሂ ያለ ሆስፒታል ይጠራል፣ ሌላው ባንኮክ፣ ሌላው ኢስታንቡል። የሕክምና ቦርድ ወረቀት ይወጣል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቴሌግራም ይዞራል፤ ዲያስፖራው ጎፈንድሚ ይከፍታል፤ የቲክቶክ ላይቩ እስከ ሌሊት ይዘልቃል። ሰው ካለው ላይ ቆርሶ ይሰጣል። ደግ ሕዝብ ነን።

ደግነቱን አልነካም። የምቃወመው ደግነቱን የሚመራውን እምነት ነው። እምነቱ ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፦ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል የመለወጥ አቅም ያለው ሴል) የተበላሸ ጉበት ይጠግናል፤ አገር ውስጥ ምንም የሚደረግ ነገር የለም፤ የሚሞት ሰው ቢሞክር የሚያጣው የለውም። ሦስቱም ስሕተት ናቸው። ይበልጥ ሰው የሚፈጀው ግን ማንም የማይከራከርበት ሁለተኛው ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ራሱን በመተካት ጉበትን የሚያህል የውስጥ አካል የለም። ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1931 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአይጥን ጉበት ሁለት ሦስተኛ ቆርጠው ካወጡ በኋላ የቀረው አድጎ ወደ ቀድሞ መጠኑ እንደሚመለስ አሳይተዋል። ዛሬ ከሕያው ሰው ጉበት ተከፍሎ ለሌላ ሰው የሚተከለውም ይህንኑ ተፈጥሮ በመተማመን ነው፤ ለጋሹ ከግማሽ በላዩን ሰጥቶ እንኳ በወራት ውስጥ መልሶ ያድግለታል። ታዲያ ሲሮሲስ የሚባለው የጉበት ጠባሳ ያለበት ታማሚ ጉበት ለምን ራሱን አይጠግንም? ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለማቋረጥ ሲመታ ስለኖረ ነው። የጉበት ቫይረስ ወይም መጠጥ ሴሎቹን ይገድላል፤ በሞቱበት ቦታ ጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳው የደሙን መንገድ ያጠባል፤ ከአንጀት የሚመጣው ደም ማለፊያ አጥቶ ግፊቱ ይጨምራል። ሆድ ውሃ የሚቋጥረው፣ በምግብ መውረጃ ቧንቧ ያሉ ደም ሥሮች አብጠው የሚፈነዱት፣ ታማሚው ቀንና ሌሊት የሚምታታበት ከዚህ በኋላ ነው። ምቱ ሳይቆም አዲስ ሴል መርጨት ጣሪያው እያፈሰሰ ምንጣፍ መቀየር ነው። በክንድ ደም ሥር ከሚሰጡት ሴሎች ደግሞ አብዛኞቹ ጉበት ጋ እንኳ አይደርሱም። ሳንባ ውስጥ ተይዘው በቀናት ውስጥ ይጠፋሉ።

ሙከራው አልተደረገም አልልም። ያውም በብዙ አገር ተደርጓል። የጃፓኑ ያማጉቺ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2006 ከራሳቸው መቅኔ የተወሰደ ሴል የተሰጣቸው ዘጠኝ ታማሚዎች የጉበት አቅማቸው እንደተሻሻለ ዘገቡ። የዓለም ተስፋ የተቀጣጠለው እንዲህ ባሉ ትንንሽና ማወዳደሪያ በሌላቸው ጥናቶች ነው። ማወዳደሪያ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ቴህራን ላይ ሲሮሲሳቸው የከፋ 27 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ስቴም ሴል፣ ከፊሎቹ ምንም የሌለበት መርፌ ተሰጣቸው። በ2013 የታተመው ውጤት በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኘም። በብሪታንያ 81 ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ በ2018 የታተመው ጥናትም የጉበቱን መሻሻል አላየም፤ ጭራሽ ሴሉን በወሰዱት ላይ ከባድ ችግር በዝቶ ታየ።

ለተቃራኒው ወገን የሚመቸውንም አልደብቅም። በቻይና ጓንግዡ፣ በሄፒታይተስ ቢ ቫይረስ ምክንያት ጉበታቸው በድንገት የወደቀ 110 ሰዎች ተጠንተው ከ24 ሳምንት በኋላ ሴሉን ከወሰዱት 73 በመቶ፣ ካልወሰዱት 56 በመቶ ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጉበታቸውን መጠጥ የጎዳው 72 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ጠባሳው በናሙና ሲታይ ቀንሶ ተገኝቷል። ቀላል ነገር አይደለም፤ ምርምሩ ይቀጥል የሚያሰኝ ነው። ግን በደንብ እናንብበው። የጓንግዡዎቹ ታማሚዎች፣ የወሰዱትም ያልወሰዱትም፣ መደበኛ ሕክምናቸውን አላቋረጡም። የሴሉ ጥቅም ተብሎ ከተጠቀሰው ዋናውም ከባድ ኢንፌክሽን መቀነሱ ነው፤ አዲስ ጉበት በቀለ ያለ የለም። የኤዲንብራ ሐኪሞች ደግሞ ስቴም ሴሉን ትተው ማክሮፌጅ የሚባለውን ጠባሳ የሚያጸዳ ሴል መሞከር ይዘዋል። ይህ ሁሉ ገና የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ቦሌ ላይ በወኪል በኩል የሚሸጠው ግን መልስ ተብሎ ነው።

የሚገርመው ሻጩ የሚጠራው አገር ራሱ ዕቃውን አያውቅለትም። የህንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ2017 ባወጣው ብሔራዊ መመሪያ ስቴም ሴልን እንደ መደበኛ ሕክምና የተቀበለው ለተወሰኑ የደምና መሰል በሽታዎች በሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ጉበትንም ጨምሮ፣ በተፈቀደና በተመዘገበ ሙከራ ውስጥ ካልሆነ በቀር ለታማሚ መሰጠት የለበትም ይላል። ቤቱን ሸጦ ዴልሂ የሚገባው ወገናችን የሚገዛው እንግዲህ ዴልሂ ራሷ ሕክምና ብላ ያልጠራችውን ነው።

«እሺ፣ እገሌ ድኖ የመጣውስ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ተሽሎት የተመለሰ አለ። በቃሬዛ የወጣ በእግሩ ሲገባ ያየ ሰፈር ደግሞ ጥናት አንብብ ቢሉት አይሰማም። እኔ የምለው ይዞት የተመለሰው የመድኃኒት ከረጢት ይከፈትና ይታይ ነው። ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር ይገኛል፤ ያ ቫይረሱን የሚያስቆመው ነው። ስፓይሮኖላክቶን ይገኛል፤ ያ የሆዱን ውሃ ያደረቀው ነው። ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል ይገኛል፤ ያ የደም ሥሩን ግፊት የቀነሰው ነው። አእምሮውን ያጠራለት ላክቱሎዝም አይጠፋም። በተኛባቸው ሳምንታት ጨው ተከልክሏል፤ መጠጥና ጫት አላገኘም፤ በኢንዶስኮፒ ያበጠው ደም ሥር በላስቲክ ታስሮለታል። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ቀን ስቴም ሴል ተወጋ። ወደ አገር ሲመለስ ምስጋናውን የሚወስደው መርፌው ነው፤ ዋጋው ውድ ነዋ! ከዘረዘርኳቸው መድኃኒቶች አንዱም አዲስ አበባ የማይታወቅ አይደለም። ይጠፋሉ፣ ይወደዳሉ፣ በሰልፍ ይገኛሉ፤ ይህ ሌላ እሮሮ ነው። ግን ሐኪሞቻችን የሚያዝዟቸው መድኃኒቶች ናቸው።

«የሚሞት ሰው ምን ያጣል?» የሚለው ደግሞ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ዓይነት ነው፤ ይገባኛል፣ ግን ልክ አይደለም። እዚያው ቴህራን፣ ከ27ቱ ሰዎች ጥናት በፊት በ2007 የታተመ አንድ ትንሽ ሙከራ ነበር። አራት ታማሚዎች ሴሉ በጉበት ደም ቧንቧ በኩል ተሰጣቸው። ለምስሉ የሚረጨው ቀለም የአንዱን ኩላሊት ጎዳ፣ ሰውየው ሞተ፣ ሙከራውም ቆመ። ይህ የሆነው ጠንቃቃ ተመራማሪዎች እጅ ላይ ነው። ታይላንድ ውስጥ በሉፐስ ኩላሊቷ የተጎዳ ሴት በግል ክሊኒክ ስቴም ሴል ከተወጋች በኋላ መርፌው የገባበት ቦታ ዕጢ አበቀለ፤ ኩላሊቷ ወጣ፣ እሷም በኋላ ሞተች። ሐኪሞች ጉዳዩን በ2010 በሕክምና መጽሔት አወጡት። ፍሎሪዳ ላይ ሦስት ሴቶች ዓይናቸውን ሊያድኑ ገብተው ታውረው ወጡ። የጉበት ታማሚ የሚያጣው ሌላም አለ፦ ጊዜ። ንቅለ ተከላ የሚያድነው ሰውነቱ ቀዶ ጥገናውን የሚችልበት የጊዜ መስኮት ሳይዘጋ ነው። ያንን መስኮት በመርፌ ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ለእውነተኛው ሕክምና ሲቀርብ ጊዜውም ገንዘቡም አልቋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ «እዚህ ምንም አይደረግም» ወደሚለው።

በኢትዮጵያ ስለ ጉበት በሽታ በሳይንስ መጻፍ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። በጥቁር አንበሳ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቶች ሥልጠናን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ከአርባ ዓመት በፊት ጀምረው የጉበት ቫይረስ የዚህ አገር ከባድ ዕዳ መሆኑን በጥናት ሲያሳዩ ኖረዋል። ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረው አኃዝ፣ በውስጥ ደዌ ክፍሎቻችን ተኝተው ከሚታከሙት 12 በመቶ፣ ከሚሞቱት ደግሞ 31 በመቶ የሚሆኑት ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸው ናቸው ይላል። በ2016 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ የሄፒታይተስ ቢ ሥርጭት 7.4 በመቶ ነው ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት የዓለምን የሄፒታይተስ ሸክም ሁለት ሦስተኛ ተሸክመዋል ካላቸው አሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የብዙዎቻችንን ጉበት የሚበላው የታወቀ፣ ስም ያለው፣ ክኒን ያለው ቫይረስ ነው።

ክኒኑ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። በ2013 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት ቴኖፎቪርን አምስት ዓመት የወሰዱ የሄፒታይተስ ቢ ታማሚዎችን ጉበት ናሙና ከመጀመሪያው ናሙና ጋር አነጻጸረ። ሲጀምሩ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች መካከል 71ዱ ሲሮሲሳቸው ለቋቸው ተገኘ። ሰባ አራት በመቶ! ማንም ሴል አልወጋቸውም። ምቱ ሲቆም ጉበቱ ራሱ ጠባሳውን እየበላ ተጠገነ። ስቴም ሴል ያደርገዋል ተብሎ የሚጠበቀውን ነገር በቀን አንድ ፍሬ ክኒን አድርጎት ታይቷል ማለት ነው። ክኒኑ ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደለም። በኤችአይቪ ፕሮግራም በየጤና ጣቢያው በነፃ ሲታደል የኖረው ያው ቴኖፎቪር ነው፤ በብዛት ሲገዛ የወር ዋጋው በዓለም ገበያ ሦስት ዶላር አይሞላም። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፦ ኤችአይቪና ሄፒታይተስ ቢ አብረው ያሉበት ሰው ክኒኑን በነፃ ሲያገኝ፣ ሄፒታይተስ ቢ ብቻ ያለበት በአብዛኛው ከኪሱ ሲከፍል ኖሯል። ለዚህ የተሰለፈ አላየሁም፤ ላይቭ የገባም የለም።

ጳውሎስ ሆስፒታል ግን ሠርቶ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር የሄፒታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ከፍቶ 1,303 ሰዎችን መዘገበ፤ ከነዚህ ውስጥ ክኒኑ ያስፈለጋቸው 328 ጀመሩ። ሩቡ ብቻ ማለት ነው፤ የቀረው በክትትል ይቆያል። በዚያው ዓመት እዚያው ግቢ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር አገር ሰማ፤ የጉበት ክሊኒኩን ግን ስንቱ ያውቀዋል? ሆስፒታሉ ያለው ጉለሌ ነው፤ ከቦሌ ሚካኤል ታክሲ ይዞ መድረስ ይቻላል። ሰው ግን ዴልሂን ያውቃል።

ቦሌ ሚካኤልን የሚያውቅ አንድ ሌላ ነገርም ያውቃል። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ይመረመራል፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሚጠይቁት ምርመራ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ቢና ሲ አሉበት። ከወሎ ወይም ከአርሲ መጥታ ዘመድ ቤት ያረፈች ልጅ ደሟን ሰጥታ ውጤት ትጠብቃለች። «አንፊት» (ለሥራው ብቁ አይደለሽም) ይሏታል። ፓስፖርቷ ይመለስላታል፤ ደላላው ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ምን እንደተገኘባት በቅጡ የሚያስረዳት፣ ወደየት እንደምትሄድ የሚነግራት ብዙ ጊዜ የለም። አትታመምም፤ ቫይረሱ ዝም ብሎ ይኖራል። እሷም በአሠሪ የመከልከሏን እንጂ የመታመሟን ነገር አታስበውም፤ ወሬው እንዳይሰማ ወረቀቱን ቀድዳ ታቃጥለዋለች። ታገባለች፣ ትወልዳለች። ሃያ ዓመት ቆይቶ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ሆዷ ሲነፋ መጀመሪያ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ቅጠል ይጨመቅላታል፤ ቀጥሎ ሆስፒታል፤ ቀጥሎ «ውጭ ብትሄድ»፤ ቀጥሎ ላይቭ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መዳን የምትችለው «አንፊት» በተባለችበት ቀን ነበር። የዚያን ቀን ምርመራ የተደረገው ለኩዌት ወይም ለሪያድ አሠሪ ደኅንነት ነበር፤ ለራሷ ሲባል የመረመራት ሰው የለም። እኔ መዋጮ ሰብሳቢ ብሆን ገንዘቡን የማውለው እዚህ ቀን ላይ ነው፦ በየምርመራ ክሊኒኩ በር «አንፊት» የተባለውን ሰው ተቀብሎ፣ አስረድቶ፣ ካርድ አስወጥቶ እስከ ሐኪሙ የሚያደርስ ሰው መቅጠር። ለአንድ መርፌ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለስንት ዓመት ደመወዝ እንደሚበቃ አስሉት።

ልጇስ? ከእናቱ በወሊድ ጊዜ የሚያዝ ሕፃን ዘጠና በመቶ ያህል ዕድል ቫይረሱን ዕድሜ ልኩን ይሸከማል፤ አዋቂ ሲያዝ ግን ሥር የሚሰድበት ከመቶ አምስት አይሞላም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 ጀምሮ ሕፃን ሁሉ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሄፒታይተስ ቢ ክትባት እንዲያገኝ ይመክራል። እኛ በ2007 ክትባቱን አምስት በሽታዎችን በሚከላከለው መርፌ ውስጥ ስናስገባ የመጀመሪያው ዙር በስድስተኛው ሳምንት ነበር። ለአገር ጥሩ ጅምር ነበር፤ በወሊድ ለሚተላለፈው ግን ዘግይቷል። የልደት ዕለቱ ክትባት ዋጋ ከአንድ ዶላር በታች ነው። ለዚህ የሚከራከር አክቲቪስት ባገኝ ስቴም ሴልን ለአንድ ወር አልነካም።

ጉበት የሚመታው በቫይረስና በመጠጥ ብቻ አይደለም፤ ስለ ጫትም ሰፈሬን ሳላስቀይም አላልፍም። ሐረር ውስጥ 150 የጉበት ታማሚዎችን የጉበት በሽታ ከሌለባቸው 300 ሰዎች ጋር ያነጻጸረና በ2018 የታተመ ጥናት ጫት በሚቅሙ ሰዎች ላይ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ በዝቶ አግኝቷል። ወደ ትግራይም እንሂድ፦ ታሕታይ ቆራሮ ውስጥ ከሁለት ሺዎቹ መባቻ ጀምሮ ሆድ እየነፋ ሰው የሚገድል ያልታወቀ የጉበት በሽታ ገብቶ ነበር። ተመራማሪዎች ሲከታተሉት እህል ውስጥ የሚገባ መርዛማ አረም ላይ ደረሱ። መፍትሔው ያለው እህሉን ማበጠር ላይ ነው።

ለዚህ እምነት መስፋፋት ሐኪሞቻችንም ተጠያቂ ናቸው። «ውጭ ብትሄዱ ይሻላል» ማለት ሰዓት ይቆጥባል፤ ቤተሰቡን ቁጭ አድርጎ የታማሚው ደረጃ የት እንደደረሰ፣ ምን ሊደረግ እንደሚችል፣ ምን እንደማይቻል ማስረዳት ግን ሰዓት ይፈጃል፤ በር ላይ ደግሞ መቶ ሰው ተሰልፏል። የተማረው ክፍልም አለበት። ጠበል የወረደውን ገበሬ «ኋላ ቀር» ሲል የከረመ ሰው ብሮሹር ላይ ነጭ ካፖርት ስላየ ብቻ ያልተረጋገጠ ነገር በዶላር ይገዛል። ገበሬው ቢያንስ ለጠበሉ ቤቱን አልሸጠም።

«አሁን አልጋ ላይ ላለውስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የክትባትና የምርመራ ጊዜ አልፎበታል። ጉበቱ ቢከፋም ቫይረሱ ካለበት ቴኖፎቪር ይጀምር፤ ደረጃው ገፍቷል ተብሎ የሚከለከል ክኒን አይደለም። ሄፒታይተስ ሲ ከሆነ በአሥራ ሁለት ሳምንት ከመቶ ዘጠና አምስቱን የሚያድን መድኃኒት አለ፤ ሆዱ ውሃ መቋጠር ከጀመረ ግን የትኛው እንደሚስማማው ስፔሻሊስት ይምረጥለት። ኢንዶስኮፒ ይደረግለት፤ ውሃው ይቀዳለት፤ የሚጠጣ ከሆነ ያቁም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጉበቱ ካልተነሣ፣ ገንዘብም ከተገኘ፣ ፈቃደኛ የቅርብ ዘመድ ለጋሽም ካለ፣ ለንቅለ ተከላ ግምገማ ይሂድ። ንቅለ ተከላ የተረጋገጠ ሕክምና ነው፤ ለዚያ የሚዋጣውን አልቃወምም፤ እኔም አዋጣለሁ። እዚያ ደርሶ ወይም እዚሁ ቦሌ ወኪሉ ቢሮ ስቴም ሴል ከቀረበለት ግን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የሙከራውን የምዝገባ ቁጥር፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ፣ ክፍያ ለምን እንደተጠየቀ። በእውነተኛ ሙከራ የሚሳተፍ ሰው ለሚሞከርበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ወኪሉ ሦስቱን ካላሳየ ቤተሰቡ ቲኬቱን አይቁረጥ፤ የተዋጣውም ብር ለክኒኑ ይቀመጥ።